የአንዱን መድኃኒት ጥፋት በሁሉም ላይ፦ ስለ ሶሪያሲስ መርፌዎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ጽሑፍ ላኩልኝ። እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ የሚያገናኛቸው ሦስቱም ሶሪያሲስ (ቆዳ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያወጣ ሥር የሰደደ በሽታ) ያለባቸው መሆኑ ብቻ ነው። ሁለቱ «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ሦስተኛዋ አልጠየቀችም። ሐኪሟ ባዮሎጂክ የሚባለውን መርፌ አዞላት፣ የቅድሚያ ምርመራዋን ጨርሳ የምትጀምርበትን ቀን ስትጠብቅ ጽሑፉን አነበበችና ቀጠሮዋን ሰረዘች። ይህን ባትነግረኝ ኖሮ መልስ ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው፦ ሶሪያሲስ የቆዳ ጣጣ ስለሆነ ቅባት ይበቃዋል፤ አዲሶቹ መርፌዎች የሰውነትን የመከላከል አቅም ያጠፋሉ፤ አንጎልን የሚበላ ኢንፌክሽንና ካንሰር ያመጣሉ፣ ማስረጃውም በዚሁ ምክንያት ከገበያ የተሰበሰበ መድኃኒት መኖሩ ነው፤ አንዴ የገባባቸው ሰው መውጫ የለውም፣ ሲቆምም ይብሳል፤ ያው ውጤት በቆዩ ክኒኖች፣ በተለይ በርካሽ የስቴሮይድ ክኒን ይገኛል፤ የበሽታው ሥር አንጀት ውስጥ ስለሆነ አመጋገቡን ያስተካከለ ይድናል፤ ይህ ሁሉ ግርግር የኩባንያዎች ገበያ ነው።

ጸሐፊው ዋሽተዋል አልልም። ያስቸገረኝም ይኸው ነው። ከጻፉት ውስጥ ብዙው ስለ አንድ የተወሰነ መድኃኒት፣ በአንድ ወቅት፣ ለአንድ ዓይነት ሕመምተኛ እውነት ነው። እሳቸው ግን የአንዱን ራስ ከሌላው ጅራት ጋር ሰፍተው አንድ አውሬ ሠሩና ስሙን «ባዮሎጂክ» አሉት። እኔ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። እኛ ዘንድ መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የየራሱ ስምና የየራሱ ማስጠንቀቂያ አለው፤ የአንዱን ወረቀት ከሌላው ዕቃ ጋር አሽጎ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው። ስለዚህ አውሬውን ልፍታውና እያንዳንዱን ቁራጭ ለባለቤቱ ልመልስ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅባት ይበቃዋል ከሚለው ልጀምር። ለአብዛኛው ሕመምተኛ በርግጥም ይበቃዋል። ክርኑና ጉልበቱ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ የወጣበት ሰው በስቴሮይድ ቅባትና ካልሲፖትሪዮልን በመሰለ የቫይታሚን ዲ ዝርያ ሊቆጣጠረው ይችላል። ለዚህ ሰው መርፌ የሚያዝ ሐኪም ካለ እኔም ከጸሐፊው ጋር ቆሜ እቃወማለሁ። ነገር ግን መርፌው የመጣው ለዚህ ሰው አይደለም። የመዳፋችን ስፋት ከነጣቶቹ የቆዳችንን 1 በመቶ ያህላል። አሥር መዳፍ የሚያህል ቆዳ የተያዘበትን ሰው አስቡት፤ ጠዋትና ማታ ያን ሁሉ ቦታ ሲቀባ፣ ልብሱ ሲበላሽ፣ ዓመት ሲቆጠር ቆዳው በስቴሮይዱ ሲሳሳ። ስፋቱ ትንሽ ሆኖም የራስ ቆዳን፣ የእጅ መዳፍን፣ ፊትን ወይም ብልትን ከያዘ ሕይወትን ያናጋል። እነዚህ ናቸው ከቅባት አልፈው የሚታከሙት።

ደግሞም ነገሩ ቆዳ ላይ አይቀርም። ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት የመገጣጠሚያ ሕመም ይከተላቸዋል። ጠዋት ሲነሡ ጣታቸው እንደ ቋሊማ አብጦ አልታጠፍ ይላል፣ ተረከዛቸው ይወጋቸዋል፣ ጥፍራቸው በመርፌ የተነቀሰ ይመስል ይቦረቦራል። የተበላ መገጣጠሚያ ደግሞ ተመልሶ አይተካም። ከባድ ሶሪያሲስ ያለባቸው ሰዎች የልብና የደም ሥር በሽታም በብዛት ያገኛቸዋል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 ሶሪያሲስን ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ የሚያሠቃይ፣ አካል ጉዳተኛ የሚያደርግና ፈውስ ያልተገኘለት ሥር የሰደደ በሽታ ብሎ ውሳኔ ያሳለፈው ስለ ቅርፊት ተጨንቆ ብቻ አይደለም። ቅባት ጉልበት ውስጥ አይገባም።

በሽታው ከቆዳ በታች እንደሚታዘዝ የታወቀው ደግሞ በአጋጣሚ ነው። ለረጅም ጊዜ ባለሙያዎች ራሳቸው ችግሩ የቆዳ ሕዋሳት ከልክ በላይ መፍጠን ነው ብለው ያምኑ ነበር። በጤነኛ ቆዳ አንድ ሕዋስ ከታች ተወልዶ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ሶሪያሲስ ባለበት ቦታ ይህ ጉዞ በጥቂት ቀን ያልቃል። ሕዋሱ ሳይበስል ስለሚደርስ አይረግፍም፣ ይከመራል፤ ያ ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። በ1979 ግን ሳይክሎስፖሪን የሚባለውን፣ የተተከለ ኩላሊት እንዳይጣል የሚሰጠውን መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመም የሞከሩ ሐኪሞች የሕመምተኞቹ ቆዳ ሲጠራ አዩ። ሳይክሎስፖሪን የሚያስታግሰው ቲ ሕዋስ የሚባሉትን የመከላከያ ሥርዓቱን ወታደሮች ነው። ከዚያ ወዲህ «ቆዳውን ማን አዘዘው?» የሚለው ጥያቄ የሁሉ ጥያቄ ሆነ።

መልሱ የጸሐፊውን ትልቁን ክስ፣ መከላከያን ያጠፋሉ የሚለውን፣ የሚነካ ስለሆነ ጊዜ ልስጠው። የትእዛዙ ሰንሰለት ይህን ይመስላል። ቆዳ ውስጥ ዘብ የቆሙ ሕዋሳት ጠላት የመጣ ይመስላቸውና ኢንተርሊዩኪን 23 የሚባል መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ የደረሳቸው ቲ ሕዋሳት በበኩላቸው ኢንተርሊዩኪን 17 ያመነጫሉ። ይህ ሁለተኛው መልእክት የቆዳ ሕዋሳቱን «ተባዙ» ይላቸዋል፤ እነሱም እየተባዙ ሌላ ተዋጊ ይጠራሉ፤ የተጠራውም መጥቶ ያንኑ መልእክት ይደግማል። ቲኤንኤፍ የሚባለው ሌላ መልእክት ደግሞ በየደረጃው እሳቱን ያራግባል። ማብቂያ የሌለው ጥሪ ነው።

ዛሬ ለሶሪያሲስ የሚታዘዝ ባዮሎጂክ መድኃኒት ማለት እነዚህን ከመሰሉ መልእክቶች አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ለይቶ የሚይዝ፣ በሕያው ሕዋስ ውስጥ የተመረተ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ስለሆነ ቢዋጥ እንደ ማንኛውም ሥጋ ጨጓራ ይፈጨዋል፤ በመርፌ የሚሰጠው ለዚህ ነው እንጂ ክኒን ከሚሆን ይልቅ «ስለሚበረታ» አይደለም። ኤታነርሰፕት፣ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ቲኤንኤፍን ይይዛሉ። ኡስተኪኑማብ ኢንተርሊዩኪን 12ንና 23ን። ሰኩኪኑማብና ኢክሰኪዙማብ 17ን። ጉሰልኩማብ፣ ቲልድራኪዙማብና ሪሳንኪዙማብ 23ን ብቻ። ከእነዚህ የመጀመሪያው ኤታነርሰፕት በአሜሪካ ለሶሪያሲስ የተፈቀደው በ2004 ሲሆን ሪሳንኪዙማብ በ2019 ነው፤ በመካከላቸው የ15 ዓመት ልዩነት አለ። ጸሐፊው እነዚህን ሁሉ አንድ ቃል ውስጥ ከተዋቸዋል።

መልእክቶቹ የተለያዩ ከሆኑ የሚጎድለውም ይለያያል። የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ገብቶ ሳያሳምም ለዓመታት ሊተኛ ይችላል፤ ሰውነት የሕዋስ ግድግዳ ገንብቶ ያጥረዋል። ያ ግድግዳ እንዳይፈርስ የሚያቆመው ቲኤንኤፍ ነው። ስለዚህ ቲኤንኤፍን የሚይዝ መድኃኒት ሲሰጥ የተኛው ሊነቃ ይችላል። በ2001 ኢንፍሊክሲማብ ከወሰዱ ሰዎች መካከል 70 የነቀርሳ ሕሙማን ሪፖርት ተደርገዋል፤ አብዛኞቹ መድኃኒቱን የወሰዱት ለመገጣጠሚያ ሕመም ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነቀርሳ በበዛበት አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ እጥፍ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሰው ሳይመረመር መጀመር ቀረ። በቆዳ ወይም በደም ምርመራ የተኛ ነቀርሳ ይፈለጋል፣ የደረት ራጅ ይነሣል፤ ከተገኘ አስቀድሞ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣል። ሄፓታይተስ ቢም አብሮ ይታያል፣ እሱም ተኝቶ የሚነቃ ነውና። የልብ ድካም ላለበትና መልቲፕል ስክለሮሲስን ለመሰለ የነርቭ ሕመም ለተጋለጠ ሰው ደግሞ የቲኤንኤፍ ወገን አይመረጥም።

17ን የሚይዙት ሌላ ጠባይ አላቸው። ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን ሠርታልናለች፤ የኢንተርሊዩኪን 17 መንገድ ተበላሽቶባቸው የተወለዱ ሰዎች አሉ። የሚያስቸግራቸው በዋናነት ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ነው፤ አፋቸው፣ ቆዳቸውና ጥፍራቸው ላይ ይመላለስባቸዋል። መርፌውን በሚወስዱትም ላይ የምናየው ይህንኑ፣ ግን ቀለል ባለ መልክ ነው፦ ምላስ ላይ የሚወጣ ነጭ ነገር፣ በጥቂት ቀን መድኃኒት የሚጠፋ። ከዚህ የሚከብደው አንጀት ነው። ሰኩኪኑማብን ክሮን ለሚባለው የአንጀት በሽታ የሞከሩት ተመራማሪዎች መድኃኒቱ አለመርዳቱን፣ እንዲያውም ማባባሱን በ2012 አሳውቀዋል። ስለዚህ የአንጀት ቁስለት ያለበት ሰው 17ን የሚይዝ መርፌ አይሰጠውም። እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ቢያዩት የሚገርማቸው ነገር አለ፤ ኡስተኪኑማብና ሪሳንኪዙማብ ለዚያው ለክሮን መታከሚያነት ተፈቅደዋል። አንዱ የሚያባብሰውን አንጀት ሌላው ያክመዋል። «ባዮሎጂክ አንጀት ይጎዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ታዲያ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ስም ካልተጠራ መልስ የለውም።

የሚገርመኝ ሌላው ነገር ጸሐፊው በአማራጭነት የጠቀሷቸው «የቆዩና የታመኑ» ክኒኖች ከመርፌዎቹ ይልቅ ሰፋ አድርገው የሚመቱ መሆናቸው ነው። ሳይክሎስፖሪን ቲ ሕዋሳትን በጅምላ ያስተኛል፤ ኩላሊትንና የደም ግፊትን ስለሚነካም ለዓመታት አይወሰድም። ሜቶትሬክሴት ጉበትንና የደም ሕዋሳትን በየጊዜው እያስመረመሩ የሚወሰድ ነው። መከላከያን ማጥፋት የሚለው ቃል መባሉ ካልቀረ ከ23 መርፌ ይልቅ ለእነሱ ይቀርባል።

ይህን ስል መርፌ የሚወስድ ሰው ከማንም እኩል ነው ማለቴ አይደለም። ሕያው ክትባት (እንደ ቢጫ ወባ ያለው) በሕክምናው ላይ እያሉ አይወሰድም፤ የሚያስፈልግ ክትባት ካለ ቀድሞ ይጠናቀቃል። ትኩሳትና ከባድ ኢንፌክሽን ሲመጣ መርፌው ይዘገያል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን መጀመሪያ የትኛው መርፌ እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል።

ወደ አንጎሉ ጉዳይ ልሂድ፤ ጽሑፉን ካነበቡት ሁሉ ይህ ነው ያስደነገጣቸው። ጸሐፊው ስሙን ባይጠሩትም የሚያወሩት ስለ ኤፋሊዙማብ ነው። በ2003 ለሶሪያሲስ ተፈቀደ፣ በ2009 ተሰበሰበ። ምክንያቱም ፒኤምኤል የሚባል፣ ብዙዎቻችን ተሸክመነው ሳያውከን የምንኖር ቫይረስ አንጎል ውስጥ ሲነቃ የሚመጣ ገዳይ በሽታ መድኃኒቱን በሚወስዱ ሰዎች ላይ መታየቱ ነው። ይህ እውነት ነው፣ ሰውም ሞቶበታል። ግን ኤፋሊዙማብ መልእክት የሚይዝ መድኃኒት አልነበረም። ሥራው ቲ ሕዋሳት ከደም ሥር ወጥተው ወደ ሌላ አካል እንዳይገቡ እግራቸውን ማሰር ነበር። ወደ ቆዳ እንዳይገቡ ሲባል የታሰሩት ወታደሮች አንጎልን ለመጠበቅም መሄድ አቃታቸው። ዛሬ ለሶሪያሲስ ከሚታዘዙት መርፌዎች በዚህ መንገድ የሚሠራ አንድም የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ያየውን ሰው አልወቅሰውም፣ ልጡን እባብ ነው ብሎ ለሌላው የሚያውጀውን ግን ዝም አልለውም።

እግረ መንገዴን፣ አሌፋሰፕት የሚባለውም በ2011 ከገበያ ወጥቷል። የወጣው ግን አምራቹ በራሱ ውሳኔ ማምረት ስላቆመ እንጂ ጉዳት ተገኝቶበት አይደለም፤ የተሻሉ መጥተው ፈላጊ አጥቶ ነበር። የተሰበሰበ ሁሉ መርዝ አይደለም።

ስለ ካንሰር ሲጻፍ ቃል መምረጥ ያስፈልጋል። የቲኤንኤፍ ወገን መድኃኒቶች ማሸጊያ ላይ ስለ ሊምፎማ (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር) ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሜላኖማ ያልሆነ የቆዳ ካንሰር ጥቂት ከፍ ማለቱም በጥናት ታይቷል። ይህን መደበቅ አያሻም። በሌላ በኩል ከባድ ሶሪያሲስ ራሱ፣ ምንም መድኃኒት ሳይወሰድ፣ ከሊምፎማ ጋር ግንኙነት አለው፤ እንዲሁም ብዙ ዙር ፑቫ የሚባለውን የዩቪ (አልትራቫዮሌት) ጨረር ሕክምና የወሰዱ ሰዎች ቆዳ ለካንሰር ይጋለጣል። በብሪታንያና በአየርላንድ ከ2007 ጀምሮ ሕመምተኞች እየተመዘገቡበት ያለው መዝገብና ከ12,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው ፕሶላር የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ለዚሁ ጥያቄ ሲባል የተያዙ ናቸው፤ እስካሁን ከእነሱ የወጣው ሥዕል ጸሐፊው የሳሉትን የካንሰር ጎርፍ አይመስልም። አሁን ካንሰር ያለበት ወይም በቅርብ የታከመ ሰው ጉዳይ ግን ለብቻው ነው፤ የካንሰር ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይጀመርለትም።

አንዴ ከገቡ መውጫ የለም። እዚህ ላይ እውነቱ ግማሽ ነው። ባዮሎጂክ ሶሪያሲስን አይፈውስም። ሲቆም በሽታው ለአብዛኛው ሰው ይመለሳል፤ «ይድናል» ብሎ የሚሸጥ ካለ እሱም ዋሾ ነው። ጉሰልኩማብ በተፈተነበት አንድ ትልቅ ጥናት በጥሩ ሁኔታ የጠሩ ሰዎች በ28ኛው ሳምንት መርፌው ሲቆምባቸው ግማሾቹ ያንን ደረጃ እስኪያጡ 15 ሳምንት ያህል ቆይቷል። ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው፣ በአንድ ሌሊት አልፈነዳም፤ መርፌው እንደገና ሲሰጣቸውም አብዛኞቹ መልሰው ጠሩ። መነጽሩን ሲያወልቅ ፊደሉ የሚደበዝዝበት ሰው የመነጽር ሱሰኛ አይባልም።

ጸሐፊው ሊያነሡት ሲገባ ያላነሡት እውነተኛ ችግር ግን አለ። መድኃኒቱ ፕሮቲን ስለሆነ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርትበት ይችላል። ያኔ ለሁለት ዓመት አንጀት ያራሰ መርፌ ቀስ በቀስ ይደክማል። በተለይ ኢንፍሊክሲማብን እያቋረጡ መጀመር ከባድ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ «ሲሻለኝ እተወዋለሁ፣ ሲብስብኝ እወስዳለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ እኔም እደነግጣለሁ። አንዱ ሲደክም ወደ ሌላ መልእክት የሚይዝ ይዞራል፤ ብዙ ወገን መኖሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስቴሮይድ ክኒን እመጣለሁ፤ ከጽሑፉ ሁሉ ያናደደኝም እሱ ነው። ጸሐፊው ፕሬድኒሶሎን በጥቂት ቀን ቆዳን ያጠራል ብለዋል። ያጠራል። አደጋውም ይኸው ነው። ሰውየው ደስ ብሎት ሲያቆመው ሶሪያሲሱ ከመጀመሪያው ብሶ፣ አንዳንዴም መልኩን ቀይሮ ይመለሳል፦ መላ ሰውነት መግል በቋጠሩ ትንንሽ ነጥቦች ሊሸፈን ወይም ቆዳ ከራስ እስከ እግር ሊቀላና ሊላጥ ይችላል። ያኔ ሰውነት ሙቀቱንና ውኃውን መያዝ ያቅተዋል፤ አልጋ የሚያስይዝ፣ ሊገድልም የሚችል ነገር ነው። ጸሐፊው በመርፌው ላይ የለጠፉት «ሲቆም ይብሳል» የሚለው ክስ እውነተኛ ባለቤቱ እዚህ ተቀምጧል፤ እሳቸው ግን ባለቤቱን በአማራጭነት አቀረቡት። የስቴሮይድ ክኒንም ሆነ መርፌ ለተራ ሶሪያሲስ እንዳይሰጥ የቆዳ ሐኪሞች መመሪያዎች የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። በሌላ በሽታ ምክንያት ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ደግሞ ይህን አንብቦ በድንገት እንዳያቆም፤ ሐኪሙን አማክሮ ቀስ እያለ ይቀንስ። «ከዕፅ ብቻ የተሠራ» እየተባለ ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጥ ቅባት በሦስት ቀን ተአምር ከሠራም ውስጡ ስቴሮይድ ሊኖር እንደሚችል ጠርጥሩ።

ርካሽና ጥሩ ክኒን የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ሜቶትሬክሴት ነው። ለብዙ ሰው ከመርፌ በፊት መሞከር ያለበትም እሱ ነው። ንጽጽሩ ግን ይታወቅ። ሜቶትሬክሴትን ከአዳሊሙማብ ጋር ያወዳደረ ጥናት ላይ በ16ኛው ሳምንት ሕመማቸው በሦስት አራተኛ የቀነሰላቸው በአዳሊሙማብ 79.6 በመቶ፣ በሜቶትሬክሴት 35.5 በመቶ፣ በባዶ ማስመሰያ 18.9 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ጉሰልኩማብ ከአዳሊሙማብ ጋር ሲወዳደር መስፈርቱ ራሱ ከፍ ብሎ 90 በመቶ መጥራት ሆነ፤ በ16ኛው ሳምንት 73.3 በመቶ በጉሰልኩማብ፣ 49.7 በመቶ በአዳሊሙማብ ደረሱበት። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ይህን ካነበበ ደግሞ ሥራዬ ነውና አንድ ነገር ልጨምር፦ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወሰደው። በየቀኑ የዋጡት ሰዎች ሞተዋል።

መጥራት ስል ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይባል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀይ አይደለም፤ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ቡኒ ይመስላል። ሕመሙ ሲጠፋም ቦታው ላይ ጥላ የመሰለ ጥቁረት ወይም ንጣት ለወራት ይቆያል። ይህን አይቶ «አልሠራልኝም» ብሎ መርፌውን ያቆመ ሰው አጋጥሞኛል። በጣታችሁ ዳብሱት፤ ካልሻከረ፣ ካልወፈረና ካልተላጠ የቀረው ቀለም ነው፣ በሽታው አይደለም።

ስለ አመጋገብ ብዙ አልከራከርም። ውፍረት ያለበት ሰው ክብደት ሲቀንስ ሶሪያሲሱ ይቀልለታል፤ ይህ በጥናት የታየ ነው፣ መርፌውም በተሻለ ይሠራለታል። መጠጥና ሲጋራ መተውም እንዲሁ። ስንዴን መተው የሚጠቅመው ግሉተን የማይስማማው የአንጀት በሽታ ላለበት ነው። ከዚህ አልፎ አንጀትን አጥቦ ሶሪያሲስን ማዳን የሚባለው ግን የለም። በሽታው በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለው፤ የጉሮሮ ኢንፌክሽን፣ ሊትየም የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ አንዳንድ የግፊት ክኒኖች፣ የቆዳ መቧጠጥ ይቀሰቅሱታል። «በበላሽው ነው» የሚባል ሕመምተኛ በሕመሙ ላይ ወቀሳ ተጨመረበት እንጂ ሌላ ያገኘው የለም።

የቀረው ዋጋ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚሉትን አብዛኛውን እቀበላለሁ። ውድ ናቸው፣ ኩባንያዎቹም ለጽድቅ አልሠሯቸውም፤ ፓተንታቸውን እንዳይነጠቁ ያላደረጉት የለም። ግን «ውድ ነው» እና «መርዝ ነው» ሁለት ክስ ናቸው፤ በመጀመሪያው ማስረጃ ሁለተኛውን መፍረድ አይቻልም። ዋጋውን የሚሰብረውም ሌላ መንገድ ነው። የፓተንት ጊዜው ሲያልፍ ሌሎች አምራቾች ተመሳሳዩን ይሠራሉ፤ ባዮሲሚላር ይባላል። የኢንፍሊክሲማብ በአውሮፓ የተፈቀደው በ2013 ነው፤ የአዳሊሙማብ በ2018 መጨረሻ ገበያ ሲገባ ዋጋው እዚያ ክፉኛ ወረደ። «ቅጂ ስለሆነ ይደክማል» የሚለውን ስጋት የኖርዌይ መንግሥት ራሱ ከፍሎ አስፈትኖታል፤ ኢንፍሊክሲማብ ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች ወደ ባዮሲሚላር ሲዞሩ በበፊተኛው ከቀጠሉት ያነሰ ውጤት አላገኙም። ስለ ዋጋ የሚቆረቆር ጽሑፍ ይህን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣቱ ይገርማል። ዋጋው ፈጽሞ ለማይደረስበት ሰው ደግሞ ከሜቶትሬክሴት ሌላ ጠባብ ሞገድ ያለው የዩቪቢ ጨረር ሕክምና አለ፤ ጥሩ ውጤት የሚሰጥ፣ ከፑቫም የተሻለ ደኅንነት ያለው ነው።

ቀጠሮዋን ለሰረዘችው ልጅ መልስ ስጽፍላት መጀመሪያ የጠየቅኋት የትኛው መርፌ እንደታዘዘላት ነበር። ስሙን አላስታወሰችውም። ቤቷ ገብታ የማዘዣ ወረቀቱን ፈልጋ ፎቶውን ላከችልኝ፦ ጉሰልኩማብ፣ 100 ሚሊግራም፣ ዛሬ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያ በየስምንት ሳምንቱ። የነቀርሳና የሄፓታይተስ ምርመራዋ ነጻ ነው። ያን ያስፈራትን ጽሑፍ እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጉሰልኩማብ የሚል ስም አንድም ቦታ የለም።